አንድ ቀን፣ ሁለት አቆጣጠር፦ መረጃን በስሙ መጥራት

የባሕር ዳር የሐምሌ ዝናብ ስንት ነበር? ጥያቄው ለገበሬ ቀላል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ያስቸግራል። ሳንታ ባርባራ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ቺርፕስ የተባለ የመረጃ ክምችት ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የየዕለት ዝናብ በጊዜ፣ በኬክሮስና በኬንትሮስ ደርድሮ ይዟል። በተራ ድርድር ውስጥ ሐምሌ 1 ቀን 1973 ዓ.ም. ማለት «ቦታ 188» ማለት ነው፤ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራልና። ፋይሉ ከሌላ ዓመት ቢጀምር 188 ሌላ ቀን ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ግን ምንም ሳይል የተሳሳተ መልስ ይሰጣችኋል።

በበርክሌ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ዶክትሬቱን የሠራው ስቴፈን ሆየር የጀመረው ኤክስአሬይ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ መፍትሔው ይህ ነው፦ በቦታ ቁጥር ሳይሆን በስም መጥራት። በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን ስሙ ኤክስሬይ ነበር። «ሴል» በተባለው ትእዛዝ ቀኑን፣ 11.6 ኬክሮስንና 37.4 ኬንትሮስን ሰጥታችሁ «የቅርቡን አምጣ» ትሉታላችሁ።

ችግሩ አንድ ዘንግ ሁለት ስም ሲኖረው ነው። ሐምሌ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው። ጁላይን «ሐምሌ» ብሎ የደመረ ሰው የሰኔን 7 ቀን ጨምሮ የሐምሌን የመጨረሻ 6 ቀን ይጥላል። ስለዚህ በዚያው የጊዜ ዘንግ ላይ የእኛን ዓመት፣ ወርና ቀን እንደ ተጨማሪ መለያ እንለጥፋለን።

ቀድሞ መፈለጊያ ኢንዴክስ በራሱ የሚሠራው የዘንጉን ስም ለያዘው መለያ ብቻ ነበር። በኋላ ግን መለያና ኢንዴክስ ተለያዩ፤ «ሴት ኤክስ ኢንዴክስ» በተባለው ትእዛዝ ሦስቱን መለያዎች በአንድ ባለብዙ ደረጃ ኢንዴክስ ማሰር ይቻላል። ከዚያ ወር 11 ብቻ ብትሉት የየዓመቱን ሐምሌ በሙሉ ያወጣል።

በሁለቱም አቆጣጠር በአንዴ ብትጠይቁትስ? ቀኖቹ ባይገጣጠሙ የትኛውን ይመን? ኤክስአሬይ አይገምትም፤ በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ኢንዴክስ በአንድ ጥያቄ አልቀበልም ብሎ ስህተት ያሳያል። ዝም ብሎ ከመሳሳት በግልጽ እምቢ ማለት ይሻላል።

ለመሞከር ከፈለጋችሁ ዋናውን የጊዜ መለያ አትሰርዙ፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 መሆኗንም አትርሱ። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን በስምነት ስለሚቀበል መለያዎቹን «ዓመት»፣ «ወር» እና «ቀን» ብላችሁ መሰየም ትችላላችሁ።