ወይፈን ካልተጠመደ እርሻ አይለምድም

ወይፈን ከነባር በሬ ጋር ተጠምዶ እርሻ ይለምዳል። የእግር ኳስ ልጅም እንዲሁ ነው።

ማንችስተር ዩናይትድ የሚባለው ቡድን በእንግሊዝ አገር ይገኛል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 አሰልጣኙ አሌክስ ፈርጉሰን ሦስት ታዋቂ ተጫዋቾችን ለቀቁ። በምትካቸው ሌላ አልገዙም። ቡድኑ ራሱ ያሠለጠናቸውን ወጣቶች አሰለፉ። እነሱም ቤካም፣ ስኮልስ፣ በት እና የኔቪል ወንድማማቾች ነበሩ።

ቡድኑ በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ 3 ለ 1 ተሸነፈ። በልጅ ዋንጫ አይገኝም ተባለ። አሰልጣኙ ግን ልጆቹን አልጣሉም። ከነባሮቹ ጋር አጣምረው ደጋግመው አጫወቷቸው። በ1996 ቡድኑ ሁለት ታላላቅ የአገሪቱን ዋንጫዎች በላ።

ሥራ የሚለመደው በመሥራት ነው። በእናንተስ ቀበሌ ዳር ቁጭ ብሎ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ የለም ወይ?