ጥፋቱ ሁሉ የባትሪው ነውን?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ አንባቢ፣ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ ያደረች አሮጌ ቮልስ ቢያይ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ባለቤቷ ቁልፉን አላመነውም፤ ጧት አንከባሎ ሊያስነሣት አስቧል። ቢጠየቅም «ባትሪው ሞቷል» ይላል። እኛ ግን ባትሪ ባልሠራው ወንጀል የሚከሰስበት ጊዜ ብዙ ነው እንላለን፤ አዲስ ባትሪ ደግሞ በርካሽ አይገኝም።

እርግጥ የተራራው ብርድ ተባባሪ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክን ከተማ ወደ ፍልውኃው ካወረዱት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ብርድ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፤ በባትሪው ውስጥም እርሳሱና አሲዱ የሚሠሩት ሥራ ይዘገያል። ይኸውም ሞተሪኖው ብዙ ጉልበት በሚሻበት ሰዓት ባትሪው የሚሰጠው ያንሳል ማለት ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የእርሳስ ባትሪን ከሠራ ጀምሮ ይህ ጠባዩ አልለቀቀውም።

ታዲያ እውነተኛው ጥፋተኛ በምን ይታወቃል? የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ እንደ ደመቀ ቀርቶ ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም፤ ሽቦውን ተከተሉ። መብራቱ እንደሚጠፋ ፍም ከደበዘዘ ግን ወይ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይ ሞርሴቶው ላልቷል ወይም ዝጓል። ሞርሴቶውን በጣት ንኩት፤ ከግለ ኤሌትሪኩ የሚባክነው እዚያው ነው። ፈትቶ መፋቅና አጥብቆ ማሰር ይበቃል። ሲፈታ አስቀድሞ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው ይፈታል፤ ሲታሰርም እርሱ መጨረሻ ይታሰራል።

የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላው መቀመጫ ሥር መሆኑን ሁሉም ተሳፋሪ አያውቅም። መሸፈኛው ከጠፋ፣ ሦስት ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ ወርዶ ባትሪውን ይነካና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። መሸፈኛ ለማግኘት ጋራዥ ለጋራዥ መዞር አያስፈልግም፤ ወፍራም ጎማ ቆርጦ ማልበስ ይቻላል።

መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ በቁጥር ይፍረድ። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ሞልቶ ካደረ 12.6 ያህል ያሳያል፤ 12 ካሳየ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ፈጠን ብሎ እየሠራ ወደ 14 ካልተጠጋ ግን ነጂው ባትሪውን ይተውና ዲናሞውንና ተቆጣጣሪውን ይጠይቅ። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ ቁጥሩን በግማሽ ማሰብ ነው።

ከሁሉ የምንፈራው ግን ቺንጋውን ነው። በሌላ መኪና ቀዩ መብራት ሲበራ ነጂው «ባትሪ አይሞላም ማለት ነው፤ እስከ ቤት ያደርሰኛል» ብሎ ሊቀጥል ይችል ይሆናል። በቮልስ ይህ አይሆንም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ማራገቢያውም የተገጠመው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ሁለቱንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ከተበጠሰ ማራገቢያውም ቆመ። የእንጦጦ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ዳገቱን ስትወጣ ሞተሯ ያለዚያም ይጨነቃል፤ ያለ ማራገቢያ ጥቂት ደቂቃ ከሄደች ይቃጠላል። በአንድ ቺንጋ ሰበብ ሞተር ማጣት ያስቆጫል። መብራቱ በርቶ ከቀረ እዚያው ቁሙ። ሞተሩ ቀስ ሲል ብቻ ብልጭ ብሎ፣ ቤንዚን ሲሰጠው የሚጠፋ ከሆነ ግን የዲናሞ ልማድ ነውና አያስደንግጥ። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ከረገበ ደኅና ነው፤ መለዋወጫ ቺንጋ ከነመፍቻው ከመኪናው አይለይ።

ሲመሽ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከእንጦጦ የማገዶ እንጨት በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች በአስፋልቱ ዳር ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። አሮጌው ዲናሞ ሞተሩ ቀስ ሲል የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ስለሆነ፣ በደከመ ባትሪ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ ፈትቶ የሚወርድ ነጂ መብራቱ ቢጫ ሆኖ ከእግሩ ሥር ይቀርበታል፤ ሴቶቹን የሚያያቸው ከደረሰባቸው በኋላ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ፈጥኖ ይዞራል፤ ዲናሞውም አብሮ፤ መብራቱ ይጠነክራል፣ ፍሬኑም ሳይግል ሽሮ ሜዳ ይደረሳል።