እቅፍ ግጭትን አያቆምም

«ልጅ በእናቱ እቅፍ እያለ ምን ይነካዋል?» ይህን አባባል በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ፣ ከክርስትና ወይም ከልደት ድግስ በሚመለሱ የሐበሻ መኪናዎች ውስጥ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሚናገሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አያት ናቸው፣ አክስት ናቸው፣ የሕፃን ልቅሶ አንጀታቸውን የሚበላቸው። «ኧረ ልጁን አታስጨንቂው፣ ፍቺውና እቀፊው፤ ቅርብ እኮ ነው» ይላሉ። እናትየውም ታላቅ ላለማስቀየም ስትል ቀበቶውን ትፈታለች። መኪናው ውስጥ ያለነው ሌሎቻችን ደግሞ ነገሩ ልክ እንዳልሆነ እያወቅን ዝም እንላለን።

አባባሉ ከምንም የመጣ አይደለም። በአንቀልባ ታዝለን ያደግን ሰዎች ነን። ብርዱም፣ ፀሐዩም፣ የገበያው ግፊያም ሲመጣ የሕፃን መጠጊያው የእናቱ ጀርባና ደረት ነበር። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ታክሲ የምትሳፈር እናት ልጇን ከመታቀፍ ሌላ ምርጫ የላትም፤ እሷን የሚወቅስ ሰው ሊያፍር ይገባዋል። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የልጁ ወንበር (ካር ሲት) ተገዝቶ፣ መኪናው ውስጥ ተገጥሞ ሳለ ሕፃኑ ከጎኑ ጭን ላይ ሲቀመጥ፣ ይህንንም የሚያስደርገው ሰው አዋቂ ነኝ ባይ ሲሆን ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ቢላተም መኪናው ይቆማል። ውስጡ ያለው ሰው ግን አንዳች ነገር እስኪያስቆመው ድረስ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል። ሁሉም ነገር የሚያልቀው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ሕፃኑን ይዞ ለማስቀረት የክብደቱን 20 እጥፍና ከዚያም በላይ ጉልበት ይጠይቃል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለእናቱ ክንድ ሁለት ኩንታል ጤፍ ይሆንባታል ማለት ነው። ሁለት ኩንታል ሳታስበው ከእጇ ሲመነጨቅ የምታስቀር እናት አልተፈጠረችም፤ አባትም ቢሆን ያው ነው። የሚጎድለው ፍቅር ሳይሆን የክንድ አቅም ነው።

«እንግዲያው ቀበቶውን ለሁለታችንም አስረዋለሁ» የሚሉ አሉ። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። መኪናው ሲላተም የእናትየው ሰውነት በሙሉ ክብደቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሕፃኑም በእሷና በቀበቶው መካከል ይጨፈለቃል። ቀበቶ ያላሰረች እናት ደግሞ ልጇን ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር በራሷ አካል ታጣብቀዋለች። ልከልልበት ያለችው ገላዋ ራሱ ይጎዳዋል።

ካር ሲት የሚሠራው ተቃራኒውን ነው። ራሱ ከመኪናው ጋር ተጣብቆ የታሰረ ስለሆነ ልጁ ከመኪናው ጋር አብሮ እንዲቆም ያደርጋል፤ ግፊቱንም ጠንካራ በሆኑ የሰውነት ክፍሎች ላይ ያከፋፍላል። ለትንሽ ሕፃን ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጡ ወሳኝ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከገላው አንጻር ትልቅና ከባድ ነው፤ የአንገቱ አጥንት ገና አልጠነከረም። ወደ ኋላ ዞሮ ከተቀመጠ ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን የወንበሩ መደገፊያ አንድ ላይ ይቀበላቸዋል። ይህን ሐሳብ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ መኪና ያመጣው ስዊድናዊው በርቲል አልድማን ነው፤ ጠፈርተኞች በሚመነጠቁበት ጊዜ ጀርባቸው ግፊቱን እንዲቀበል ተደርገው መቀመጣቸውን አይቶ። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በአግባቡ የታሰረ ካር ሲት ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በአደጋ የመሞት ዕድላቸውን በ71 ከመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉትን ደግሞ በ54 ከመቶ ይቀንሳል። በእቅፍ የተያዘ ሕፃን ከዚህ ጥበቃ ምንም አይደርሰውም።

ሌሎቹ አባባሎች ብዙ አያከራክሩም። «እግሩ ተጣጥፎ ይሰበራል» ብለው ልጁን ቶሎ ወደ ፊት የሚያዞሩ ወላጆች አሉ። ልጆች እግር አጥፎ መቀመጥ አይከብዳቸውም፤ የእግር ጉዳት ይበልጥ የሚታየውም ወደ ፊት ዞረው በሚቀመጡት ላይ ነው። «ሰፈር ውስጥ ነን» የሚለው ደግሞ ግጭት ከቤት ራቅ ሲሉ ብቻ የሚመጣ ያስመስለዋል። ወደ ኋላ የሚዞር ካር ሲት ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ወንበሩን መትቶ ሕፃኑን ሊገድል ይችላል። በክረምት ወፍራም ጃኬት አልብሶ ማሰርም ቀበቶውን ያላላዋል፤ ልጁን አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ጋቢውን ወይም ጃኬቱን ከላይ ያልብሱት።

«ወንበር ከገዛን ይበቃል» የሚለው ግን ትንሽ ቆም ያሰኛል። በዚያው መሥሪያ ቤት ግምት 46 ከመቶ የሚሆኑት ካር ሲቶች በተሳሳተ መንገድ የተገጠሙ ወይም የታሰሩ ናቸው። ትከሻ ላይ ያለውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ቆንጥጠው መያዝ ከቻሉ ላልቷል። የደረቱ መቆለፊያ ከብብት ትክክል መሆን አለበት፤ ሆድ ላይ ወርዶ ካዩት ሥራውን አይሠራም። «አድጓል» ተብሎ ቡስተር (ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ) የተነፈገው የስድስት ዓመት ልጅም አላደገም፤ ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪሞላ የአዋቂ ቀበቶ በአንገቱና በሆዱ ላይ ያርፋል።

ወደ ዝምታችን ልመለስ። «በሰው ልጅ ጣልቃ አይገባም» ስንል የማን ባህል እንደሆነ አላውቅም፤ የእኛ አይደለም። እኛ ባደግንበት ሰፈር የጎረቤት ልጅ መንገድ ላይ ሲሮጥ ያየ ማንኛውም ትልቅ ሰው ጆሮውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመልሰው ነበር፤ እናትየውም ታመሰግናለች። እዚህ ስንደርስ ነው ይሉኝታ የያዘን።

የትኛው አነጋገር የትኛውን ወዳጅ እንደሚያሳምን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። በሰው ፊት የተነገረ ግን ምክር ሳይሆን ውርደት ተደርጎ ይሰማል፤ ለእናትየው ለብቻዋ ይንገሯት። አያቲቱን ደግሞ በአክብሮት «እማማ፣ ሐኪሙም ሕጉም እንዲህ ነው የሚለው» ማለት ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ እናትየውንም ከሽማግሌ ጋር ከመጋፈጥ ያድናታል። ሕጉም እውነት ነው፤ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ በልጅ ወንበር፣ ከ2 ዓመት በታች ያለው ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮ መቀመጥ አለበት። ልጁ ካለቀሰ መኪናውን ዳር አቁመው ያውጡት፣ ያጥቡት፣ ያባብሉት፤ ከዚያ መልሰው ይሰሩት።

አንዳንዱ ቸልተኛ የሚመስለው ወዳጅ የቸገረው ወይም ግራ የገባው ነው። ወንበሩን እንዴት እንደሚገጥም ጠይቆ ማፈር አይፈልግም። ለዚህ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በአሜሪካ በብዙ ቦታ በነፃ ይፈትሻሉ፤ አብረውት ይሂዱ። ገንዘብ ካጠረው ለክርስትናው ስጦታ ከሚመጣው ልብስ ይልቅ ወዳጆች አዋጥተን አዲስ ካር ሲት ብንገዛ ልጁ ለዓመታት ይገለገልበታል። ታሪኩ ያልታወቀ አሮጌ ወንበር ግን አይስጡት፤ ከባድ ግጭት ያየ ወንበር ተመልሶ አያገለግልም፣ የአገልግሎት ጊዜውም ያልፋል።

መሪውን የያዙት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ክርክርም አያስፈልግዎትም። ሕፃኑ በወንበሩ ሳይታሰር ሞተር አያስነሱ። የሚቀየም ይቀየም።