ቅጠል የሌለው ዕፅ፦ የአናንዴል ትምህርት ቤቶች የመከላከያ ትምህርት ከዘመኑ ጋር እየሮጠ ነው

በሰሜን ቨርጂኒያ አናንዴል የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ከሥራ ሲመለስ፣ ከልጁ ትምህርት ቤት የተላከ መልእክት ስልኩ ላይ ሊጠብቀው ይችላል። በመልእክቱ ውስጥ “ፌንታኒል”፣ “ናሎክሶን”፣ “ቬፕ” የሚሉ ቃላት አሉ። እንግሊዝኛው የከበደው ወላጅ መልእክቱን እንዲያነብለት የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ልጁን ነው። ልጁም ገረፍ አድርጎ ያነብና “ለሁሉም ወላጅ የተላከ ነው፤ ምንም አይደለም” ይላል። ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ነው። አናንዴልን የሚያካትተው የፌርፋክስ ካውንቲም ሆነ በአካባቢው ያሉ ሌሎች የትምህርት አስተዳደሮች ባለፉት ዓመታት ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚያስተምሩበትን መንገድ ለመለወጥ ተገደዋል። ያስገደዳቸውም የወጣቱ አመል መክፋቱ ሳይሆን የዕፁ ጠባይ መለወጡ ነው። ይህ ለውጥ ግን ወላጆች ዘንድ፣ በተለይም እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ወዳልሆነ ቤተሰቦች፣ ገና በቅጡ አልደረሰም።

ተጠቃሚው ሲቀንስ ሟቹ ለምን በዛ?

የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የአሜሪካ ተማሪዎችን ስለ ዕፅ አጠቃቀማቸው ይጠይቃሉ። በ2024 ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 67 በመቶ የሚሆኑት ባለፉት 30 ቀናት አልኮል፣ ማሪዋናም ሆነ ኒኮቲን አለመጠቀማቸውን ገልጸዋል። በ10ኛ ክፍል ይህ ቁጥር 80 በመቶ፣ በ8ኛ ክፍል ደግሞ 90 በመቶ ነበር። ከቀደሙት አሥርት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር የዛሬው ወጣት ከዕፅ የራቀ ትውልድ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በጃማ የሕክምና መጽሔት በ2022 የታተመ ጥናት ሌላ ነገር አሳይቷል። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 ከሆኑ አሜሪካውያን መካከል በ2019 ከመጠን በላይ ዕፅ በመውሰድ የሞቱት 492 ነበሩ። በ2020 ቁጥሩ ወደ 954 አሻቀበ፤ በ2021 ደግሞ 1,146 ደረሰ። የሚሞክሩት ልጆች ቁጥር አልጨመረም፤ የሚሞክሩት ነገር ግን ገዳይ ሆኗል።

ምክንያቱ ፌንታኒል ነው። ፌንታኒል በቤተ ሙከራ የሚቀመም የሕመም ማስታገሻ ሲሆን ከሞርፊን 100 ጊዜ፣ ከሄሮይን ደግሞ 50 ጊዜ ያህል ይበረታል። በአንጎል ግንድ ውስጥ አተነፋፈስን የሚቆጣጠሩ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ የመተንፈስ ትእዛዝን ያዳክማል። ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ትንፋሹ እየቆመ ነው። በእርሳስ ጫፍ ላይ ሊቀመጥ የሚችል 2 ሚሊግራም ያህል ፌንታኒል ለሞት ሊያበቃ ይችላል።

ሕገወጥ አምራቾች ይህን ዱቄት ከፋርማሲ ከሚገኙት ፐርኮሴት፣ ዛናክስና አደራል ጋር በቀለምም በቅርጽም በሚመሳሰሉ ኪኒኖች ውስጥ ያስገቡታል፤ ሽያጩም በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ይካሄዳል። የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር ባለሥልጣን በ2023 ከመረመራቸው የፌንታኒል ሐሰተኛ ኪኒኖች ውስጥ ከ10ሩ 7ቱ፣ በ2024 ደግሞ ከ10ሩ 5ቱ ለሞት ሊያበቃ የሚችል መጠን ነበራቸው። ቁጥሩ መቀነሱ መልካም ዜና ቢሆንም፣ ለፈተና ሲያጠና ለመንቃት ፌንታኒል ያለበትን ሐሰተኛ ኪኒን ሳያውቅ ከጓደኛው ለሚቀበል ተማሪ ከሁለት አንድ የሚወድቅ ዕጣ ነው።

“እምቢ በሉ” ብቻውን ያልሠራበት ምክንያት

በ1980ዎቹ የአሜሪካ መልስ አጭር ነበር። የፕሬዚዳንት ሬጋን ባለቤት ናንሲ ሬጋን “እምቢ በሉ” የሚለውን ዘመቻ መሩ። በ1983 ደግሞ የሎስ አንጀለስ ፖሊስና የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ዴር የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ክፍል ገብቶ ስለ ዕፅ አስከፊነት ያስተምር ነበር። ወላጆች ወደዱት፤ ፖለቲከኞችም ደገፉት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በመላው አገሪቱ ተስፋፋ።

ሳይንሱ ግን አልደገፈውም። በ1994ም በ2004ም የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመሩ ትንታኔዎች፣ ፕሮግራሙን የተከታተሉ ልጆች ካልተከታተሉት ብዙም እንዳልተለዩ አመለከቱ። ፕሮግራሙም ቆይቶ ከ2009 ጀምሮ በተመራማሪዎች በተዘጋጀ ሌላ ሥርዓተ ትምህርት ተተክቷል።

ለውድቀቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ሦስቱ ዋና ናቸው። የመጀመሪያው፣ ዕፅ መጥፎ መሆኑን ማወቅ ብቻውን ባሕርይን አለመለወጡ ነው። ሁለተኛው፣ ማጋነን እምነት ማሳጣቱ ነው፤ ማሪዋና ወዲያው እንደሚያጠፋው የተነገረው ልጅ ሲያጨሱ ያያቸው ጓደኞቹ በሕይወት መኖራቸውን ሲመለከት፣ ስለ ሌላው ዕፅ የሚነገረውንም መጠራጠር ይጀምራል። ሦስተኛው ደግሞ አደጋውን ብቻ ሲሰማ የሚውል ልጅ “ሁሉም ሰው ይጠቀማል” ብሎ መደምደሙ ነው።

ከዚህ የተሻለ ውጤት ያሳዩት ፕሮግራሞች የሚያተኩሩት በልጁ ችሎታ ላይ ነው። ጊልበርት ቦትቪን በኒው ዮርክ ያዘጋጁት “የሕይወት ክህሎት” ሥልጠና ለዚህ ምሳሌ ነው። በእርሱ ተማሪዎች ውሳኔ መስጠትን፣ ጭንቀትን መቋቋምን፣ ወዳጅነትን ሳያፈርሱ እምቢ ማለትን በተግባር ይለማመዳሉ። ስለ እኩዮቻቸውም ትክክለኛው ቁጥር ይነገራቸዋል። ከሦስት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለቱ ምንም እንዳልተጠቀሙ ያወቀ ልጅ፣ ግብዣን ባለመቀበሉ ብቸኛ አለመሆኑን ይረዳል።

ጅቡ ከሄደ በኋላ

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን የጊዜ ጉዳይ ይቀራል። የኒኮቲን ታሪክ ይህን ያሳያል። ጁል የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በ2015 ገበያ ወጣ። መልኩ የኮምፒውተር መረጃ መያዣ ፍላሽ ይመስላል፤ ጢሱም የትንባሆ ሽታ የለውም። በ2019 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 በመቶው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚዎች ነበሩ። ትምህርት ቤቶች መሣሪያውን ለይተው የሚያሳዩ ፖስተሮችን ሰቀሉ፤ መምህራንም ሠለጠኑ።

በ2020 መጀመሪያ መንግሥት ጣዕም ያላቸውን የሚተኩ ካርትሪጆች ሲገድብ፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሏቸው መሣሪያዎች ከገደቡ ውጭ ቀሩ። ወጣቶቹም ወደዚያው ዞሩ። ፖስተሩ ላይ ያለው መሣሪያ ግን ያው የድሮው ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። በ2024 የቬፕ ተጠቃሚ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር ወደ 7.8 በመቶ ወርዷል። በዚያው ዓመት ግን በከንፈርና በድድ መካከል የሚቀመጡ፣ ጢስም ሽታም የሌላቸው የኒኮቲን ከረጢቶችን በዓመቱ ውስጥ የተጠቀሙ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከ3 በመቶ ወደ 6 በመቶ ገደማ አድገዋል።

ማሪዋናም እንዲሁ ነው። በ1995 የተያዘ ማሪዋና በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ቲኤችሲ፣ ማለትም አእምሮን የሚለውጠው ንጥረ ነገር፣ ነበረው፤ ዛሬ ወደ 15 በመቶ ተጠግቷል። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ዕድሜያቸው 21 የሞላቸው ሰዎች ጥቂት መጠን እንዲይዙ ፈቅዳለች፤ ሜሪላንድ ደግሞ ከጁላይ 2023 ጀምሮ በመደብር መሸጥን ፈቅዳለች። ድልድይ ተሻግሮ ሕጉ ሲለወጥ የሚያይ የአናንዴል ተማሪ “ሕጋዊ ከሆነ ምን ይጎዳኛል?” ቢል አያስደንቅም። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከሕግ መጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። ማመዛዘንና ራስን መግታት የሚከናወንበት የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ማደጉን እንደሚቀጥል ለልጁ ማስረዳት ያስፈልጋል።

መጠየቅ፣ ከዚያ ማስተማር

ከኋላ መሮጥን ለማስቀረት አንዱ መንገድ ልጆቹን ራሳቸውን መጠየቅ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ የ8ኛ፣ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስማቸውን ሳይገልጹ የሚሞሉት መጠይቅ አለው። ምን እንደሚጠቀሙ ብቻ ሳይሆን እንቅልፋቸውን፣ ጭንቀታቸውን፣ ችግር ሲገጥማቸው የሚያናግሩት ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ እንዳላቸውም ይጠይቃቸዋል። የካውንቲው ትንታኔ እንደሚያሳየው፣ እንዲህ ያሉ ደጋፊ ነገሮች ሦስትና ከዚያ በላይ ያሏቸው ተማሪዎች ለአደጋ የመጋለጣቸው ዕድል በግልጽ ይቀንሳል።

በዚህ መንገድ ረጅም ርቀት የሄደችው አይስላንድ ናት። በ1998 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 16 ከሆኑ የአገሪቱ ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረው እንደነበር ተናግረው ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ። በየዕለቱ የሚያጨሱትም ከ23 ወደ 3 በመቶ ቀነሱ። አይስላንዳውያኑ ልጆቹን በመደበኛነት ይጠይቃሉ፤ ውጤቱን ሳይዘገዩ ለየትምህርት ቤቱ ያደርሳሉ፤ ወላጆች ደግሞ ተሰብስበው ልጆቻቸው ከምሽቱ ስንት ሰዓት ቤት እንደሚገቡ በጋራ ይወስናሉ።

የማዳን ትምህርት

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2019 አጋማሽ እስከ 2021 መጨረሻ የሞቱ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 የሆኑ ወጣቶችን ጉዳይ መርምሮ ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ ሲሞቱ በአቅራቢያቸው ሌላ ሰው ነበር። አብዛኞቹ ግን ምንም እርዳታ አላገኙም። በአቅራቢያ የነበረው ሰው ምልክቱን ሳያውቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የዛሬው ትምህርት “አትንኩ” ከማለት አልፎ “ጓደኛህ ቢወድቅ ምን ታደርጋለህ?” ብሎ ይጠይቃል። ናሎክሶን በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ነው። ፌንታኒልን ከተጣበቀበት ቦታ አስለቅቆ ትንፋሽን በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ ሊመልስ ይችላል፤ ፌንታኒል ያልወሰደን ሰው አይጎዳም። ኃይሉ ግን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ ወዲያው ወደ 911 መደወል ግዴታ ነው። መድኃኒቱ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። የፌርፋክስ ትምህርት ቤቶች ይዘውታል፤ በ2024 የወጣ የቨርጂኒያ ሕግም የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲይዙት ያዛል። የካውንቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ቦርድ ደግሞ አጠቃቀሙን ለነዋሪዎች ያሠለጥናል።

አንዳንድ ወላጆች “ማዳንን ማስተማር መጠቀምን መፍቀድ አይሆንም ወይ?” ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የእሳት ማጥፊያ በቤቱ ያስቀመጠ ሰው እሳት እንዲነሳ አልፈቀደም። ሐሰተኛ ኪኒን ደግሞ ሱሰኛውንና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረውን ለይቶ አይገድልም። ፖሊስን መፍራትም ሰው ሊያስገድል ስለሚችል፣ የቨርጂኒያ ሕግ ሕይወት ለማዳን በቅንነት የደወለን ሰው በተቀመጡ ሁኔታዎች መሠረት ከእስርና ከክስ ይጠብቃል።

በእኛ ቤት፣ በእኛ ቋንቋ

የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጉዳይ ከዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። “ዕፅ” የሚለው ቃል ራሱ ከግዕዝ የመጣ ሲሆን ዛፍን፣ ተክልን ያመለክታል። ጫትን፣ ሺሻንና ሐሺሽን የሚያውቅ ወላጅ ልጁን ሲጠራጠር ቅጠል ይፈልጋል፤ ልብስ ያሸታል፤ ዓይኑ መቅላቱን ያያል። የዛሬው ዕፅ ግን ቅጠልም፣ ሽታም፣ ጢስም የለውም። የሚመጣውም መድኃኒት መስሎ ነው።

መድኃኒት መጋራት ደግሞ በብዙ ቤት እንደ ደግነት ይቆጠራል። ራሱን ላመመው እንግዳ ከቦርሳ ኪኒን አውጥቶ መስጠት፣ ከጎረቤት የተረፈ ማስታገሻ መቀበል ያልተለመደ አይደለም። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ጓደኛው የዘረጋለትን ኪኒን እንደ አደገኛ ዕፅ ላይመለከተው ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚጀምረው የመጀመሪያው ትምህርት ምናልባት ይህ ነው፦ ከፋርማሲ በራስህ ስም ያልተሰጠህን ኪኒን፣ ወዳጅ ቢሰጥህም፣ አትውሰድ።

ምልክቶቹንም ማወቅ ይጠቅማል፦ ቢጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም የሚያንኮራፋ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ። በብዙ መመሪያዎች ላይ ከንፈር ይሰማያዊ ይላል፤ ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ላይ ግን ከንፈርና ድድ አመድ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው ገመናን መፍራት ነው። የልጅን ችግር መግለጥ ቤተሰብን ማዋረድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በኖቬምበር 2023 የቨርጂኒያ ገዥ ግሌን ያንግኪን፣ በጎረቤቷ ላውደን ካውንቲ በተማሪዎች ላይ የደረሰውን አደጋ ተከትሎ፣ ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ወላጆች በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያውቁ ያዘዙት ዝምታ ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። መልእክቱ ቤት ደርሶ በልጁ አፍ “ምንም አይደለም” ተብሎ ከቀረ ግን ትእዛዙ ትርጉም ያጣል።

የፌርፋክስ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የአማርኛ የመረጃ ስልክ መስመር አላቸው፤ ወላጅ ከመምህርም ሆነ ከአማካሪ ጋር ሲገናኝ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። የትርጉሙ ሥራ ከልጁ ትከሻ ላይ ሲነሣ ልጁም ወላጁም ወደ ትክክለኛ ቦታቸው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ወላጁ መልእክቱን ራሱ ተረድቶ፣ ሳይቆጣ፣ “እስኪ ንገረኝ፤ ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ አሁን ልጆች የሚሞክሩት ምንድን ነው?” ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከማንም የበለጠ የሚያውቀው ልጁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለውም እንዲህ ላለው ምሽት ነው።