ዋስ ለሌለው አንባቢ

በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የምዝገባ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ተማሪን የሚመልሰው በክፋት አይደለም፤ በቅጽ ነው። ቅጹ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይጠይቃል፤ የነዋሪነት መታወቂያ ይጠይቃል፤ መጽሐፍ ወደ ቤት ይዞ ለመሄድ ደግሞ ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ ይጠይቃል። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከሦስቱ አንዱም የለውም። ፎቶግራፉ ገንዘብ ነው፤ ለመታወቂያው ዕድሜው አልደረሰም፤ በቀን ሥራ በሚተዳደር ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ዋስ ልሁን የሚል ደመወዝተኛ ከየት ይመጣል? ልጁ አይከራከርም። «እሺ» ብሎ ይወጣል፤ ተመልሶም አይመጣም። እኛም ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ በሪፖርታችን ላይ «የተማሪዎች የንባብ ፍላጎት አነስተኛ ነው» ብለን እንጽፋለን።

ጎንደር ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ስሠራ ያስተዋልኩት ዋናው ነገር ይህ ነው። ተማሪን የቤተ መጻሕፍት አባል ማድረግ የማስታወቂያ ሥራ ይመስለናል። የማስታወቂያ ሥራ ግን በመጨረሻው ደረጃ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ዋስትና ነው።

ዋስትናን የፈጠረው ስስት አይደለም። በመንግሥት ቤት መጽሐፍ እንደ ወንበሩና እንደ ጠረጴዛው ንብረት ነው፤ በአንድ ሠራተኛ ስም ተመዝግቦ በፊርማ ይወጣል። ሲጎድል የሚጠየቀው ፈራሚው ነው። መጽሐፉ ሳይነበብ አሥር ዓመት አቧራ ቢጠጣ ግን ማንም አይጠይቀውም። እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት ቤት ጥሩ ሠራተኛ ማለት መጽሐፍ ያልጠፋበት ሠራተኛ ነው፤ መጽሐፍ እንዳይጠፋ ደግሞ ዋነኛው መንገድ ከቤት እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ከዚህ የተነሣ አብዛኞቹ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቶቻችን ያስነብባሉ እንጂ አያውሱም። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ሆነ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው አብርሆት በዋናነት አንባቢ መጥቶ፣ ተቀምጦ የሚያነብባቸው ቤቶች ናቸው።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪና ለተመራማሪ ይህ ይበቃል። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ውኃ የሚቀዳ፣ ታናናሾቹን የሚጠብቅ፣ ሱቅ የሚቀመጥ ልጅ ግን የአዳራሹን ሰዓት ጠብቆ ሊመጣ አይችልም። እሱ የሚያነበው ማታ ነው፣ ቤቱ ነው። ካርዱ ለእሱ ጥቅም የሚኖረው መጽሐፉ አብሮት ከወጣ ብቻ ነው።

ከትምህርት ቤቶች ጋር አብሮ ለመሥራት የሚደረገው የተለመደ ሙከራ ይታወቃል። ደብዳቤ ለርዕሰ መምህሩ ይጻፋል። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ አንድ ሰው ስለ ንባብ ጥቅም ይናገራል። ሚኒ ሚዲያው ለሳምንት ያህል «ኑ ተመዝገቡ» ይላል። ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ጥቂት ካርድ ይታደላል። ወር ሳይሞላ ካርዱ የደብተር ዕልባት ሆኗል። ንግግሩ መጥፎ ስለነበረ አይደለም። ተማሪው ቅጹን ይዞ ሲመጣ ያው የድሮው መስኮት፣ ያው የድሮው ጥያቄ ስለሚጠብቀው ነው።

የሚሠራው መንገድ ከዚህ ያነሰ ድምቀት አለው። ትምህርት ቤቱ የተማሪዎቹን ስም በክፍል ዘርዝሮ፣ ማኅተሙን መትቶ ለቤተ መጻሕፍቱ ይልካል፤ በዚያ አንድ ወረቀት የሁሉም ዋስ ይሆናል። የተማሪ መታወቂያ ካለ ለብቻው ፎቶግራፍ አይጠየቅም። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በሥራ ቀን፣ በትምህርት ሰዓት ይመጣል። ያን ዕለት መደርደሪያው ይከፈትላቸዋል፤ ልጆቹ መጽሐፍ በእጃቸው ያነሣሉ፣ ይገልጣሉ፣ ይመልሳሉ፣ ሌላ ያነሣሉ። ሲወጡ እያንዳንዱ ካርዱን ብቻ ሳይሆን የመረጠውን መጽሐፍ ይዞ ይወጣል። ካርድ ተሰጥቶ «መጽሐፉን ሌላ ቀን መጥታችሁ ውሰዱ» ከተባለ ግማሹ ልጅ ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የመመለሻው ቦታ የግድ የእኛ መስኮት መሆን የለበትም። በትምህርት ቤቱ አንድ ሳጥን፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ፈቃደኛ መምህር ካለ መጽሐፉ እዚያው ተመልሶ በጥቅል ወደ እኛ ይመጣል።

«ጠፍቶ ቢቀርስ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤቶች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው፤ ክሊራንስ ይሉታል። የትምህርት ቤቱን መማሪያ መጽሐፍ ያልመለሰ ተማሪ ክሊራንስ አያገኝም፤ ክሊራንስ ከሌለው የውጤት ካርዱም መሸኛውም ይያዝበታል። የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ በዚያው መዝገብ ማስገባት ቀላል ነው፤ ብዙ ርዕሳነ መምህራንም መጀመሪያ የሚያቀርቡት ሐሳብ ይኸው ነው። እኔ ግን አልስማማም። በአንድ የተረት መጽሐፍ ምክንያት የልጅ መሸኛ የሚያዝ ከሆነ ድሃ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት ልጁን «ከዚያ ቤት መጽሐፍ እንዳታመጣ» ብሎ ይመክራል። ጉዳቱን እድር የሐዘንን ወጪ እንደሚካፈለው መካፈል ይሻላል፦ ትምህርት ቤቱ ከወላጆች ኮሚቴ ጋር፣ ቤተ መጻሕፍቱም በራሱ በኩል በየዓመቱ የተወሰነ የመጽሐፍ ጉድለት እንደሚኖር አስቀድመው ይወቁ፣ በስምምነቱ ላይም ይጻፉት። አብዝቶ በማንበብ ያረጀና የተቀደደ መጽሐፍ ደግሞ ጉድለት ተብሎ መመዝገብ የለበትም፤ አገልግሎት ሰጥቷል።

ቅጣት አንባቢን እንደሚያርቅ በሀብታም አገርም ታይቷል። የቺካጎ ከተማ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2019 ለዘገየ መጽሐፍ የሚያስከፍለውን ቅጣት ሲያነሣ፣ ዕዳ ፈርተው የቀሩ ሰዎች መጽሐፉን ይዘው ተመለሱ። የናሽቪል ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተማሪውን መታወቂያ ራሱን የቤተ መጻሕፍት ካርድ አድርጎታል፤ ተማሪው ከከተማው ቤተ መጻሕፍት የጠየቀው መጽሐፍ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይሄድለታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ እያንዳንዱ ተማሪ ካርድ እንዲኖረው ጥሪ ሲያቀርቡ ከ30 በላይ የሆኑ አካባቢዎች ቤተ መጻሕፍት ከትምህርት ቤቶቻቸው ጋር ለመሥራት ቃል ገብተው ነበር። ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመው ኮምፒውተሩና መኪናው አይደለም። ማንነቱን አስቀድሞ ትምህርት ቤቱ ያረጋገጠለትን ልጅ ሌላ መሥሪያ ቤት እንደገና «ማን ነህ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው።

ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ የሚሰማው ሀገሩን ለቆ የመጣ ልጅ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከገዳሪፍ በገላባት አድርጎ መተማ የገባው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ሱዳናዊ አለ፣ እዚያ ኖሮ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ አለ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰደደ ኤርትራዊም አለ። በክልላችን በአማራም በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ከወረዳ ወረዳ የተፈናቀሉ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ቶሎ የሚያገኙት ተቋም ቢኖር ትምህርት ቤት ነው፤ ስማቸውን መጀመሪያ የሚጽፈው የክፍል መዝገብ ነው። ቀበሌ እስኪያውቃቸው ከተጠበቀ ጊዜያቸው ያልፋል።

ለዚህ ነው ስለ ተማሪ ካርድ ሳስብ ሐሳቤ ድንበሩን ተሻግሮ ኡም ጋርጉር የሚደርሰው። ኡም ጋርጉር በገዳሪፍ ግዛት የሚገኝ የኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ስለሆነ በሱዳን ካሉት መጠለያዎች ከቆዩት አንዱ ነው። እዚያ ተወልዶ፣ እዚያ አግብቶ፣ እዚያ የልጅ ልጅ ያየ ሰው አለ። ልጆቹ የሚማሩት በዐረብኛ፣ በሱዳን ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ቤታቸው ሲገቡ ቋንቋው ትግረ ወይም ትግርኛ ወይም ሌላ ነው። የእነዚህ ልጆች ቤተሰብ ስለ ካርድ ነጋሪ አያሻውም። የምዝገባ ካርድ አለ፣ የራሽን ካርድ አለ፣ የሕክምና ካርድ አለ። ሁሉም የሚቆጥረው አፍን ወይም ሕመምን ነው። የቤተ መጻሕፍት ካርድ ግን ለልጁ በስሙ የሚሰጥ፣ በራሱ ምርጫ የሚጠቀምበት፣ ለመመለሱም እሱው ኃላፊ የሚሆንበት ነው። አደራ የሚሰጠው ካርድ እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም የጎንደሩን አሠራር እንዳለ ወስዶ ኡም ጋርጉር ላይ መትከል አይቻልም። የሱዳን ሕግ ስደተኛው ከተመደበበት መጠለያ ውጭ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ እንዲይዝ ያስገድዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም፤ የጭነት መኪና ሳይቀር ይቆማል። እንዲህ ባለ ቦታ ለተማሪ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ማደል ሊደርስበት የማይችለውን በር ቁልፍ መስጠት ነው። ስለዚህ አቅጣጫው መገልበጥ አለበት። ልጁ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ካልሄደ ቤተ መጻሕፍቱ በሳጥን ሆኖ ወደ ትምህርት ቤቱ ይምጣ። ሳጥኑ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ይድረስ፤ መንገዱ ሲደርቅ በሌላ ይለወጥ። ውስጡ ዐረብኛው ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ጋር ጎን ለጎን ይኑር፤ የመጀመሪያው ልጁን በክፍሉ ይረዳዋል፣ ሁለተኛው እናቱና አያቱ አብረውት እንዲያዳምጡ ያደርጋል። ዋስ ፍለጋ ደግሞ እዚያ ከጎንደርም ይቀላል፤ ሃምሳ ዓመት ገደማ በቆየ ሰፈር መምህሩ የልጁን አባት ብቻ ሳይሆን አያቱንም ያውቃል።

ሳጥን ተሸክሞ ወደ ልጅ መሄድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በስደት አሜሪካ ገብተው፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠርተው ሲመለሱ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቆይተውም አዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲ.ኤን.ኤን. ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። ከእሳቸው ሥራ ለሙያችን የቀረው ትምህርት የአህያው ነገር ብቻ አይደለም፤ ልጅ ራሱ የሚመርጠው፣ ሥዕል ያለበት፣ በቋንቋው የተጻፈ መጽሐፍ ካልቀረበለት መጓጓዣው ምንም ቢሆን ባዶ ጭነት እንደሆነ ማሳየታቸው ነው።

ይህን የምለው መደርደሪያዎቻችንን ስለማውቅ ነው። ከፍተኛው ክፍል ለማትሪክ ሲዘጋጅ አዳራሹ ይሞላል፤ ግን ብዙው ተማሪ የሚያነበው የራሱን ደብተርና ያስገለበጠውን ወርክሺት ነው። ከእኛ የሚፈልገው ወንበርና መብራት ነው፤ ይህም አገልግሎት ነው፣ አይናቅም። ችግሩ ከዚያ በፊት ያለው ነው። በ2002 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ደግሞ ግማሹን ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በሁለቱ መካከል አሥር ክፍል አለ። የእኛ ካርድ መግባት ያለበት እዚያ መካከል ነው፤ ለማትሪክ ሲደርሱ የምንሰጠው ካርድ የመቀመጫ ቲኬት ከመሆን አያልፍም።

የሕጉ በር ቢታይ ክፍት ነው። ሱዳን የተቀበለችው የ1951 (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ስምምነት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስደተኛውን ከዜጋ እኩል እንድታይ ያስገድዳታል። የኢጋድ አባል ሀገሮች በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ባወጡት መግለጫ የስደተኛ ልጆችን ትምህርት በየሀገሩ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለማካተት ተስማምተዋል። በእኛ በኩልም የ2011ዱ የስደተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1110፣ ትምህርት የማግኘት መብትን አስፍሯል። የመጠለያው ትምህርት ቤት የሀገሩ ትምህርት ቤት ከሆነ የሀገሩ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የእሱ ነው። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስምምነት የሚፈራረምባቸውን ትምህርት ቤቶች ስም ሲዘረዝር የመጠለያውን ትምህርት ቤት አብሮ ቢጽፈው ይበቃል።

የምለምነው ብዙ አይደለም። መስከረም ሳይገባ ስምምነቱ ይፈረም፤ በውስጡም ትምህርት ቤቱ ዋስ መሆኑ፣ የጠፋ መጽሐፍ የልጁን መሸኛ እንደማያስይዝ፣ መጽሐፍ በትምህርት ቤቱ በኩል መመለስ እንደሚቻል በግልጽ ይጻፍ። የንብረት ክፍላችንም መጽሐፍን ከወንበር ይለየው፤ ወንበር ከቤት ሲወጣ ጎደለ ይባላል፣ መጽሐፍ ግን ከቤት ሲወጣ ነው ሥራውን የጀመረው። በሰኔ ሪፖርት ስንጽፍ ደግሞ ስንት ካርድ እንዳደልን መቁጠሩን ትተን ሁለተኛ መጽሐፍ የተዋሰው ተማሪ ስንት እንደሆነ እንቁጠር። የመጀመሪያውን መጽሐፍ መምህሩ ይዞት ስለመጣ ይወስደዋል፤ ሁለተኛውን ግን ራሱ ፈልጎ ነው።