ሸክላ፣ ካሴትና ፍላሽ፤ በቤት ስለሚደመጥ ዜማ የድምፅ ጥራት

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ከሚባሉት አራቱ ዐበይት ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን ከወሎ ምድር የወሰዱ ስለ ሆነ፣ በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ በሀብሩም ገጠር የሚኖር ሰው ስለ ድምፅ ጥራት ሲከራከር ስለ ገዛ ሀብቱ መከራከሩ ነው። ክርክሩም ዘወትር አንድ ነው፤ ዜማን በቤት ለማድመጥ አናሎግ የሚባለው የቀድሞው ሸክላና ካሴት ይበልጣል ወይስ ድምፅን ወደ ኍልቍ የሚለውጠው የዛሬው ዲጂታል?

ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ፎኖግራፍን፣ በርሊነርም በ1887 ግራሞፎንን ካወጡ በኋላ ብዙ ዘመን ሳይቈይ፣ ድምፀ መልካሙ ባለቅኔ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በጀርመን አገር ሳለ ዜማውን በሸክላ አስቀርጾ ነበርና፣ የአማርኛ ዘፈን በሸክላ ላይ ያለው ዕድሜ ከመቶ ዓመት ይበልጣል። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በቈየበት ዘመን፣ ወጣቱ አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ክልከላውን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አወጣ፤ ካይፋ የተባለው አሳታሚም ተከተለው። የአብዮቱ ዘመን ከገባ በኋላ ግን ሸክላው ቀስ በቀስ ተረሳና፣ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያሳየው ካሴት፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ በመሆኑ መብራት ያልደረሰበትን ቤት ሁሉ ወረሰ፤ የወሎ መንዙማም ሆነ የማሪቱ ለገሠ አምባሰል የብዙኃኑን ጆሮ ያገኘው በካሴት ነው።

በሸክላው ላይ ያለው ቀጭን ጎድጓዳ መስመር የድምፁ ሞገድ ራሱ በአምሳሉ የተቀረጸበት ስለ ሆነ፣ መርፌው በዚያ ሲሄድ ሞገዱን ይደግመዋል። አሠራሩ በቅንነቱ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን አቧራው፣ ጭረቱና የሞተሩ መንቀጥቀጥ ሁሉ በዚያው መስመር ገብቶ ከዜማው ጋር አንድ ሆኖ ይሰማል። መርፌው ወደ መካከል በቀረበ ቍጥርም በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ እያጠረ ስለሚመጣ፣ የሸክላው መጨረሻ ከመጀመሪያው ይልቅ ይደበዝዛል። የካሴት ክርማ ወርዱ 4 ሚሊሜትር የማይሞላ፣ ጉዞውም በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ የራሱን የማያቋርጥ ሽሽታ ከዜማው በታች ያሰማል። ድንጋዩ ሲደክም ክሩ ይዘገያል፤ ፍጥነቱ ከመቶ 6 ያህል ቢቀንስም ዜማው በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የፍጥነቱ መዋዠቅ ነው፤ ረጅም ተስቦ የሚቈየው የመሰንቆ ድምፅና የመንዙማው አውጪ በአንድ ትንፋሽ የሚይዘው ዜማ የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ዲጂታሉ ሞገዱን አይቀርጽም፤ ይለካዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘግባል። ከዚህ ተነሥተው፣ በልክና በልክ መካከል ያለው ድምፅ ጠፍቶ ዜማው ተቈራርጧል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ስሕተት ነው። መሐንዲሱ ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928 መሠረቱን የጣለው፣ የሒሳብ ሊቁ ሻነንም በ1949 በሒሳብ ያጸናው ሕግ እንደሚያስረዳው፣ ልኩ ከከፍተኛው ንዝረት እጥፍ በላይ እስከ ተወሰደ ድረስ ሞገዱ ምሉእ ሆኖ ይመለሳል፤ የሰው ጆሮም በሰከንድ ከ20,000 ንዝረት በላይ ስለማይሰማ የሲዲው ልክ ይበቃል። ድጓ ያጠና ካህን ከቃሉ በላይ የተጻፉትን ምልክቶች እያየ ዜማውን ሳያቋርጥ እንደሚያወርድ፣ ማጫወቻውም ከቍጥሮቹ ያልተቋረጠ ሞገድ ያወጣል፤ ልዩነቱ ካህኑ ከመምህሩ በቃል የወረሰውን መጨመር ሲያስፈልገው፣ ቍጥሮቹ ግን በራሳቸው የተሟሉ መሆናቸው ነው።

ጆሮም ቢሆን መስክሯል። ሜየርና ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሲዲ የላቀ ዝርዝር ያላቸውን ዲስኮች አንድ ጊዜ በቀጥታ፣ አንድ ጊዜም በሲዲ ልክ አሳልፈው ቢያሰሙ፣ አድማጮቹ በግምት ከሚገኘው በላይ ሊለዩ አልቻሉም። በ2022 ደግሞ ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው ኩባንያ፣ ጠንቃቃ አድማጮች ንጹሕ አናሎግ ነው ብለው በውድ ዋጋ በገዟቸው ብዙ ሸክላዎች አሠራር ውስጥ ዲጂታል ቅጂ ያስገባ እንደ ነበረ ታወቀ።

ታዲያ ሸክላን የሚወድ ሰው ፍቅሩ ከንቱ ነውን? አይደለም። በሸክላው ዘመን በአዲስ አበባ ዘፋኙና ባንዱ በአንድ ክፍል ተሰብስበው፣ እርስ በርሳቸው እየተደማመጡ በአንድ ጊዜ ስለ ተቀረጹ፣ ዜማው ሕያው ነው፤ በኋላ የመጡት ብዙ ሥራዎች ግን ጮኸው እንዲሰሙ ሲባል ከፍታቸውና ዝቅታቸው ተደፍጥጦ ታተሙ። አድማጩ የሚወደው የቀረጻውን ጥበብ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን ለፕላስቲኩ ይሰጣል። ኀይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው «ሸሞንሙናዬ» ለዚህ ጥሩ አብነት ነው፤ ብራየን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 በሸክላም በሲዲም እንደገና ቢያወጣው፣ ዓለም ያደነቀው ያንኑ የካሴት ሥራ ነው።

እኔ እንደማምነው፣ የአገራችንን ዜማ ከአናሎግም ከዲጂታልም ይልቅ የጎዳው ቅጂ በቅጂ ላይ መደራረቡ ነው። ካሴት ከካሴት በተቀዳ ቍጥር ሽሽታው ይጨምራል፣ ቀጭኑም ድምፅ ይሞታል። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ሲይዝ፣ በየፍላሹ የሚዞረው ኤምፒስሪ ብዙ ጊዜ 128 ብቻ ነው፤ ይህም ደግሞ እንደገና በተጨመቀ ቍጥር ይሳሳል። በዚህ ላይ የሴራሚክ ወለልና ባዶ የብሎኬት ግድግዳ ባለው ሳሎን ውስጥ ድምፁ እያስተጋባ ስለሚምታታ፣ አዲስ ማጫወቻ ከመግዛት ይልቅ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ የበለጠ ጥቅም ይሰጣል።

ስለዚህ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች የአባቶቻችሁን የአምባሰል ወይም የመንዙማ ካሴት በሣጥን ያኖራችሁ ሁሉ፣ ሙቀትና እርጥበት ሳይፈጀው አንሡት፤ ክሩን የሚያነበው ራሱ (ሄዱ) የተጠረገ፣ ፍጥነቱም የተስተካከለ ቴፕ ፈልጋችሁ፣ ሳይጨመቅ በዌቭ ፋይል አስቀዱት፤ ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒስሪ ከዚያ አውጡ፤ ከተቀዳም በኋላ ዋናውን ካሴት አትጣሉት።