ፀጉራችንን የሚጨርሰው ውሃው ነው?

ደማም በገባሁ በሦስተኛው ወር የመታጠቢያ ቤቱ ማፍሰሻ በእኔ ፀጉር ይደፈን ጀመር። ማዳም የተናደደችው ለቧንቧው ነው፤ እኔ ሌሊት ሌሊት ግንባሬን እየዳበስኩ አለቅስ ነበር። በዕረፍት ቀን ሲኮ አካባቢ የማገኛቸው እህቶች መልሳቸው አንድ ነው፦ «ውሃው ነው፣ የባሕር ውሃ እኮ ነው፣ ሁላችንንም መላጣ አድርጎናል»። አምኜ በታሸገ ውሃ ታጠብኩ፣ ዘይት በዘይት ላይ ገዛሁ። መርገፉ ግን አልቆመም።

በደማምና በኾበር የምንጠቀመው ውሃ በአብዛኛው ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ መሆኑ እውነት ነው። ውሃ፣ ካውያ፣ ቀለምና ማለስለሻ ፀጉርን ሊያደርቁና ሊሰብሩ ይችላሉ። ግን መሰበርና ከሥር መርገፍ ይለያያሉ። የወደቀውን ፀጉር አንሺና ጫፉን ተመልከቺ። በአንዱ ጫፍ ትንሽ ነጭ ፍሬ ካለ ከሥሩ ነው የመጣው። አጭር ከሆነና ፍሬ ከሌለው ተሰብሮ ነው፤ ለእሱ ካውያ መቀነስና ኮንዲሽነር ይበቃል። የእኔው ፍሬ ነበረው።

ፀጉር ለዓመታት ያድጋል፣ ከዚያ ለሦስት ወር ገደማ ያርፍና ይወድቃል። በቀን ከ50 እስከ 100 መርገፍ የጤና ነው። ሹሩባሽን ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትፈቺ የሁለት ሳምንቱ አንድ ላይ ስለሚወጣ አትደንግጪ። ሰውነት ሲደነግጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከባድ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ በአንዴ መክሳት፣ ትልቅ ሐዘን ብዙውን ፀጉር በአንድ ጊዜ ያሳርፉታል፤ የሚረግፈው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ዛሬ ምን ተቀባሁ?» ሳይሆን «ከሦስት ወር በፊት እንዴት ነበርኩ?» ነው። እኔ ያኔ ከአገር ወጥቼ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ ምግቡ አልስማማኝ ብሎ ልብሴ ሰፍቶኝ ነበር። ረመዳንን እስከ ሱሁር ቆሞ ያሳለፈ፣ ያልበላና ያልተኛ ሰውነትም ፀጉሩን በሐጅ ሰሞን ቢያራግፍ አይገርምም። ደስ የሚለው፣ ሥሩ አልሞተም። ምክንያቱ ሲወገድ መርገፉ በስድስት ወር ውስጥ ይቀንሳል፣ ፀጉሩም በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል።

የእኔ ግን ሌላም ነገር ነበረው። የወር አበባዬ ይበዛል፣ ደረጃ ስወጣ ያዞረኛል፣ ምግብ በበላሁ ቁጥር ሻይ እጠጣለሁ። ማዳም «ለፀጉር ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ የለም» ብላኝ ነበር፤ ማዞሩን ስነግራት ነው ወደ ሙስተውሰፍ የወሰደችኝ። ደሜ ብዙም አልወረደም፤ የብረት ክምችቴ ግን ባዶ ነበር። ይህ በተራው የደም ማነስ ምርመራ ላይታይ ስለሚችል ለይተሽ ጠይቂ፤ በዓረብኛ «መኽዙን አል‑ሐዲድ» ይሉታል። «ገዳ» የሚሉትን የእንቅርት ዕጢም አብረው ይዩልሽ፤ እሱም ፀጉር ያረግፋል። የብረት ክኒን ሐኪም ሳያዝ አይወሰድም። ምስር፣ ጎመንና ሥጋ ከሎሚ ጋር ብትበዪ፣ ሻይና ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት ብታርቂው ይረዳል። ሰይደሊያ የሚሸጠውን የፀጉር ቫይታሚን፣ ባዮቲን ያለበትን፣ እየወሰድሽ ከሆነ ከደም ምርመራ በፊት ለሐኪሙ ንገሪ፤ የእንቅርቱን ውጤት ያዛባል።

ከሁሉ የምፈራው ግን ማንም የማያወራውን ነው፤ ጠብቆ መሠራት። ጥብቅ ሹሩባ፣ ቅጥያ፣ ወደ ኋላ ተስቦ የታሰረ ፀጉር፣ በላዩ ቀኑን ሙሉ የጠበቀ ሻሽ። መጀመሪያ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ትንንሽ ብጉር፣ ሕመም፣ ማሳከክ ይመጣል፤ ከዚያ ዳሩ ይሳሳል። በዚህ ጊዜ ከተፈታ ይመለሳል። ለዓመታት ከቆየ ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ምንም ዘይት አያበቅለውም። ተሠርተሽ ካመመሽ ያምራል ብለሽ አትቻይ፣ ፍቺው። ማታ ሻሹን አውልቂ። በበጋው የኾበር ወበቅ ፀጉርሽን እርጥብ ይዘሽ አትሸፍኚ፤ ፎረፎርና ማሳከክ ይብሳል።

የወንዶች በራ ከግንባር ጎንና ጎን ወይም ከአናት ይጀምራል፤ ከእናትም ከአባትም ወገን ይወረሳል። የሴቷ የሚወረሰው ደግሞ ግንባሩን ይተውና መሐል መሥመሩን ያሰፋዋል። እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ልሙጥ የሚሆነው ላሽ ነው፤ አይተላለፍም። ቅርፊትና ማሳከክ ካለው ግን ጭርት ሊሆን ስለሚችል ከምታጥቢያቸው ልጆች ጋር ማበጠሪያና ፎጣ አትጋሪ። ከመሐል አናት ጀምሮ እያቃጠለ የሚሰፋ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ ከሆነ ወር አትጠብቂ። ሚኖክሲዲል የሚባለው ፈሳሽ ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢ ግን አትቀባውም።

አሁን ወደ መብታችን። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ሥራ በቀን ከ10 ሰዓት አይበልጥም፣ በሳምንት የ24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት አለ፣ በሐኪም ወረቀት በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለ። ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ የሚያሠራ ቤት ደግሞ ከሐምሌ 2024 ወዲህ የጤና ኢንሹራንስ መግባት ግዴታው ነው። «ተኝቼ አላውቅም፣ ሳልበላ ነው የምውለው» ማለት እንግዲህ ለሐኪሙም የሚነገር ነገር ነው፤ የመርገፉ ምክንያት ራሱ ሊሆን ይችላል። ለማዳም ስትነግሪያት «ሸዕሪ ዪጢሕ» ብቻ ብለሽ አትቁሚ፤ ማዞሩን፣ ድካሙን፣ የወር አበባውን ጨምሪ። ለጤና ምክር 937፣ ለሥራ አቤቱታ 19911 ይደወላል።

ሐኪም እስክታገኚ ድረስ በወር አንዴ፣ እዚያው መብራት ሥር፣ መሐል መሥመርሽንና ግንባርሽን በስልክሽ አንሺ። እኔን ያየችኝ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ የድሮ ፎቶ ነው፤ አልነበረኝም።